ረቂቃችሁ አንድ ሌሊት ወረቀት ላይ ይደር

ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አስተዳዳሪዎች፣ ለድሬዳዋና ለሐረር ጸሐፊዎች፣ ማስታወቂያ ለሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችም ሁሉ

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

የተከበራችሁ፣

እኔ መጽሐፍ ጽፌ አላውቅም። የሰው መጽሐፍ ስተይብ ግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከዚራ ውስጥ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ ግጥም፣ የሕይወት ታሪክ፣ ሁሉም በዚህች በር ይገባል። በደብተር ተጽፎ ይመጣና በፍላሽ ይወጣል። ዛሬ የምጽፍላችሁ እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጬ ስላየሁት አንድ ነገር ነው። ጽሑፎቻችን ወረቀት ላይ ሳይነበቡ ወደ አንባቢ እየሄዱ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ወደ እኔ መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። ሦስት ወፍራም ደብተር ይዘው ነበር። የሕይወት ታሪካቸው ነው። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው አክስታቸው ናቸው። አክስትየው ገበያ ላይ ሽንኩርት እየቸረቸሩ ነው ያስተማሯቸው። ደብተሩን ሁለት ወር ተየብኩት። ስክሪኑ ላይ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ጥሩ ነው ተባባልን። ፍላሹን ይዘው ማተሚያ ቤት ሄዱ። 500 ቅጂ ታተመ።

የምረቃው ቀን አክስትየው ከፊት ተቀመጡ። ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ነበር። ማንበብ አይችሉም። የልጅ ልጃቸው መጽሐፉን ተቀበለችና የመታሰቢያውን ገጽ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ይህ መጽሐፍ ላሳደደችኝ አክስቴ…» አለችና ቆመች።

«ላሳደገችኝ» መሆን ነበረበት። አንዲት ፊደል ናት። ጣቴ አሁን የመታችውን «ደ» ደግማ መታችው፣ «ገ» ሳትጻፍ ቀረች። አክስትየው «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም።

ጋሼ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። በማግስቱ የቀሩትን መጻሕፍት በካርቶን አስጭነው መጡ። አብረን ተቀምጠን አንድ በአንድ በእስክሪብቶ አረምናቸው። አራት ቀን ፈጀብን። የተሸጡትና ለወዳጅ የተሰጡት ግን እንዳሉ ናቸው። ዛሬም የሆነ ሰው መደርደሪያ ላይ እኒያ ደግ ሴት አሳዳጅ ሆነው ተቀምጠዋል።

ለምን አላየነውም? ብዙ አሰብኩበት። ዓይናችን መስመሩን ሳያቋርጥ እየተከተለ አያነብም። ይዘላል። አንድ ቦታ ለሩብ ሰከንድ ያህል ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይዘላል። በመሐል ያለውን አእምሮ ከሚያውቀው ይሞላዋል። የራስ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ አእምሮ ሁሉንም አስቀድሞ ያውቀዋል። ጋሼ ያችን ቃል ሲያነቡ የታያቸው ስክሪኑ አይደለም፣ አክስታቸው ናቸው። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ስተይበው ታሪኩን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሁለታችንም የተጻፈውን ትተን መጻፍ የነበረበትን አነበብን።

ኮምፒውተሩም አያድንም። ለአማርኛ የተሠሩ የፊደል ማረሚያዎች ጥቂት ናቸው። ቢኖሩስ? «አሳደደ» ደህና አማርኛ ነው፣ ቀይ መስመር አይሰመርበትም። ቋንቋችን ደግሞ በአንዲት ጭረት ይገለበጣል። «ሞተ» እና «ሞቱ»ን አስተያዩ። ልዩነቷ ከጎን የወጣች ትንሽ ሰረዝ ናት። ያቺ ሰረዝ ስትጎድል ግን ሽማግሌው አንቱታቸውን ያጣሉ። በሙት ዓመት መታሰቢያ ላይ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ቤተሰቡ ለዓመታት ያነሳዋል። «ሰማ» እና «ስማ»ም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ያዛል።

ስለ ስክሪንና ስለ ወረቀት የተጠና ነገር አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት 54 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ መርምሯል። በአጠቃላይ ከ170,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። መረጃ የሚሰጥ ጽሑፍ ሲሆን ሰው ከስክሪን ይልቅ ወረቀት ላይ ሲያነብ የተሻለ ይረዳል ይላል። ጊዜ ሲያጥር ልዩነቱ ይበረታል። ትረካ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ጥናቱ የመረመረው መረዳትን ስለሆነ እርማትም እንደዚያው ነው ብዬ አልጎትተውም። እኔን ያሳመነኝ የራሴ ጠረጴዛ ነው።

ከጋሼ መጽሐፍ በኋላ አንድ ደንብ አወጣሁ። ማንም ረቂቅ ከእኔ ቤት በፍላሽ ብቻ አይወጣም። መጀመሪያ ፕሪንት ይደረጋል። በወረቀቱ አንድ ጎን ብቻ፣ ፊደሉ 14 ሆኖ፣ መስመሩ ድርብ፣ በቀኝ በኩል ሦስት ጣት የሚያህል ህዳግ ተትቶለት። ፎንቱንም እለውጠዋለሁ። በኒያላ ከተየብኩ በአቢሲኒካ አወጣዋለሁ። የቃላቱ መልክ ሲለወጥ፣ መስመሩም ሌላ ቦታ ሲሰበር፣ ዓይን የለመደውን መንገድ ያጣል። እንደ እንግዳ ጽሑፍ ያነበዋል።

ከዚያ ጸሐፊው ወረቀቱን ቤቱ ይወስዳል። ሳምንት ቢቆይ ጥሩ ነው። ካልሆነ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር እላለሁ። ጠዋት ይነበብ። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሰውም ከተማውም ያርፋል፣ በዚያ ሙቀት ፊደል አይለቀምም።

ሲነበብ አንድ ባዶ ወረቀት ታጥፎ ከሚነበበው መስመር በታች ይቀመጣል። የሚቀጥለው መስመር ካልታየ ዓይን መቸኮል አይችልም። እርሳሱ ቀይ ይሁን። ምልክቱ ስህተቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ህዳጉም ላይ ይደረግ። እርማቱን ወደ ኮምፒውተር ስመልስ ቶሎ የማየው ህዳጉን ነው። ጽሑፉ መሐል የተቀበረች ትንሽ ክብ ትታለፋለች። ስንቷን እንዳለፍኳት እግዜር ይወቀው።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ይህን የምለው ለአማርኛ በተለይ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው? «ዋና» ወንዝ ውስጥ ነው ወይስ ዋነኛ ለማለት ነው? ጸሐፊው ድምፁን በጆሮው ስለሚሰማው አይጠራጠርም። አንባቢው ግን የጸሐፊው ጆሮ የለውም። ምላስ የተሰናከለችበት ቦታ ላይ እርሳሳችሁን አሳርፉ። ይህችን ደብዳቤ ራሷን ትናንት ወረቀት ላይ አውጥቼ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ጮክ ብላ ስታነብ ሁለት ቦታ ላይ ቆመች። ሁለቱንም ለወጥኳቸው።

ደግሞ ስህተት ትልልቅ ፊደል ውስጥ ይደበቃል። ሽፋን፣ ርዕስ፣ የመታሰቢያ ገጽ፣ ማውጫ፣ ከፎቶ ሥር ያለች መስመር። ሁሉም ሰው «ይህማ ይታያል» ብሎ ያልፋቸዋል። የጋሼና የእኔ ስህተት የት ነበረች? በመጀመሪያው ገጽ፣ በትልቁ በተጻፈው ላይ ነበረች።

አራት ነጥብን ሳላነሳ አላልፍም። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታ አራት ነጥብ ያስመስለዋል። ስክሪን ላይ አይለይም። ማተሚያ ቤት ገጹን ሲያጠበው ግን ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። አንዱ መስመሩ መጨረሻ ላይ ይቀራል፣ ሌላው ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ይወድቃል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደል መዝገብ ውስጥ፣ ሲገባ «።» ራሷን የቻለች አንድ ምልክት ሆና ገብታለች። እሷን ተጠቀሙ። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ የቆየ ጽሑፍ ካላችሁ ደግሞ ወረቀቱን እንዳትጥሉት። በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል። ወደ አዲሱ ሲለወጥም አንዳንድ ፊደል ሊጎድል ይችላል። የድሮው ወረቀት ከሌለ ከምን ጋር ይመሳከራል?

ስለ ሞክሼ ፊደላት ብዙ አልልም። በግእዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ነው፣ «ሰረቀ» የሌባ ነው። በአማርኛ አብዛኛው ሰው አይለያቸውም፣ እኔም በማንም ላይ አልፈርድም። የምለምነው ጸሐፊው አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው እንዲጸና ነው። የቦታ ስምም እንዲሁ። በአንድ ረቂቅ ውስጥ ድሬዳዋ፣ ድሬ ዳዋ እና ድሬደዋ አግኝቻለሁ። ምዕራፍ አንድ ላይ ደቻቱ ያለው ወንዝ ምዕራፍ አራት ላይ ደቻቶ ይሆናል። ከዚራ ይሄድና ገዚራ ይመጣል። ሌላ አገር ያለ አንባቢ ሁለት ሰፈር፣ ሁለት ወንዝ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን አመሰግናለሁ። አንድን ስም ከ200 ገጽ ውስጥ ፈልጎ በማውጣት ከእኔ ዓይን ይበልጣል። ፈልጎ መተካቱን ግን ተጠንቀቁ። አንድ ቀን «ድሬ» የሚለውን ሁሉ «ድሬዳዋ» አድርገው ብዬ አዘዝኩት። ቀድሞ «ድሬዳዋ» የነበረው ሁሉ «ድሬዳዋዳዋ» ሆነ። ያየሁትም ወረቀቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የወረቀት ትልቁ ጥቅም ፊደሉ ጎልቶ መታየቱ ብቻ አይደለም። ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

አንዲት ወጣት ስለ ደቻቱ ጎርፍ ጽፋ መጣች። በልጅነቷ የደረሰ ነው። ሰፈሯን ታውቃለች፣ ሰዎችን ጠይቃለች፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ዘገባዎችንም አንብባለች። ዘገባዎቹ ኦገስት 6 ቀን 2006 ይላሉ። እሷም ኦገስት ነሐሴ ነው ብላ «ነሐሴ 1998» ብላ ጻፈች። እኔ ተየብኩት፣ አልጠረጠርኩም። ደንቤ ነውና ወረቀት ላይ አውጥቼ ሰጠኋት። ቤቷ ወስዳ ለአያቷ ሰጠቻቸው።

አያቷ ስልክ ላይ አያነቡም። ፊደሉ ያንስባቸዋል፣ ሲነኩትም ይሸሽባቸዋል። ወረቀቱን ግን ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቡናቸውን እየጠጡ አነበቡት። ህዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፉ። «ነሐሴ አልገባም ነበር። ሐምሌ 29 ለ30፣ ለእሁድ አጥቢያ።» ወጣቷ ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች መጣች። አብረን ቆጠርን። ነሐሴ 1 የዋለው ኦገስት 7 ነው። ኦገስት 6 ሐምሌ 30 ነው፣ ቀኑም እሁድ ነበር። አያቷ ልክ ናቸው።

ልዩነቱ አንድ ቀን ነው፣ ወሩን ግን ይለውጠዋል። በዚያ ሌሊት በመቶ የሚቆጠር ሰው ሞቷል። እዚህ ከተማ ውስጥ ያን ቀን ሻማ የሚያበሩ ቤቶች አሉ። የሞቱበትን ቀን አሳስቶ መጽሐፍ ማሳተም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ያን ስህተት ስክሪን ላይ ማን ያገኘው ነበር? እኔ አላገኘሁትም። በከተማችን ብዙ ነገር የሚያውቁ ሰዎች እንደዚህች ልጅ አያት ናቸው። የባቡሩን ዘመን፣ የድሮውን ገበያ፣ የሰፈሩን ስም አመጣጥ የሚያውቁት ቴሌግራም ላይ የሉም። ፒዲኤፍ ብትልኩላቸው አይከፍቱትም። ወረቀት ካልደረሳቸው የሚያውቁት ነገር ወደ መጽሐፋችን አይገባም። እኛ ደግሞ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ እንወስድላቸዋለን። ያኔ ስህተቱን ቢያዩም ለማዘን ብቻ ነው።

የዘመን አቆጣጠር በተለይ እንዲህ ያለ ዓይን ይፈልጋል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ስለ ከተማችን የሚጽፍ ሁሉ እነዚህን ዓመታት ያነሳል። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ ምልክት ከተዘለለች ግን አንባቢ 1902ን በእኛ አቆጣጠር ይወስደዋል። ከተማዋ ሰባት ዓመት ዘግይታ ትወለዳለች። ስለዚህ ቁጥር ሲኖር ለሁለት እናነባለን። አንዱ ከደብተሩ ላይ «አንድ፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ እ.ኤ.አ.» እያለ ይጠራል፣ ሌላው በታተመው ላይ በጣቱ ይከተላል። ሰረዙም ነጥቡም ይጠራል። አሰልቺ ነው። ግን አንዴ ከለመዱት ብዙ አይቆይም።

ይህ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን ሙዚየም ያየ ሰው በእጅ የተጻፉ የቆዩ ቁርኣኖችንና ኪታቦችን አይቷል። ሐረር የገልባጮችና የጠራዦች ከተማ ነበረች። በዓረብኛ የእጅ ጽሑፍ ባህል ቅጂው ከዋናው ጋር ሲመሳከር፣ የተመሳከረበት ቦታ ጠርዙ ላይ «በለገ» ተብሎ ይጻፋል። ደረሰ ማለት ነው። ከታረመች ቃል አጠገብ ደግሞ «ሰሐ» ይባላል፣ ትክክል ሆነ እንደማለት። የግእዝ ጸሐፊዎችም እንዲሁ ነበሩ። ብራናው ላይ የተሳሳተውን በቢላ ይፍቃሉ፣ የተዘለለውን ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል ይጨምራሉ። በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ወገን ማመሳከር የሥራው አካል ነበር። አንድ መጽሐፍ ብዙ ወር በሚፈጅበት ዘመን ጊዜ ሰጥተው አመሳከሩ። እኛ በአንድ ቀን እያተምን ጊዜ የለንም እንላለን።

እኔ ከእነሱ አንድ ነገር ወሰድኩ። የማርመው ወረቀት ላይ ያቆምኩበት ቦታ ህዳግ ላይ «ደረሰ» ብዬ ቀኑን እጽፋለሁ። መብራት ቢጠፋ፣ ደንበኛ ቢመጣ፣ ነገ ከየት እንደምቀጥል አውቃለሁ። በዚህ ምክንያት ያልተነበበ ገጽ ተነቧል ብዬ አልፌ አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እርማት ራሱ ስህተት ይወልዳል። አንዲት ቃል ስታስገቡ ጎን ያለችው ትጠፋለች። ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ «እሱ» የነበረውን «እሳቸው» ስታደርጉ መጨረሻ ላይ ያለው ግስ በ«እሱ» ይቀራል። ስለዚህ የታረመው ገጽ እንደገና ይውጣ፣ ከቃሏ ጋር አንቀጹ በሙሉ ይነበብ።

መሥሪያ ቤቶችን ለምን እንደጨመርኩ ልንገራችሁ። የእናንተ ማስታወቂያም ረቂቅ ነው፣ አንባቢም አለው። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሰዎችን «9 ሰዓት» ብሎ ጠራ። ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው፣ ለማለት የተፈለገው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። አንዲት ልጅ ያዘለች እናት ከገጠር መጥታ በዚያ ሐሩር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ጉዳዩ ጠዋት ተጠናቋል። የተጻፈውን አንብባ ነው የመጣችው፣ ልክ ናት። ያ ወረቀት ማኅተም ከመመታቱ በፊት የጥበቃ ሠራተኛው እንኳ ጮክ ብሎ ቢያነበው «በእኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለአንድ ገጽ ማስታወቂያ የምትፈልጉት አንድ ወረቀትና አንድ ያልጻፈው ሰው ብቻ ነው።

ወረቀት ውድ ነው ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ ዋጋውን በየሳምንቱ የምከፍለው እኔ ነኝ። ግን እናስላው። 180 ገጽ ረቂቅ በአንድ ጎን ሲወጣ 180 ወረቀት ነው። አንድ ደስጣ 500 ነው፣ ግማሹንም አይሞላም። ያው መጽሐፍ 1,000 ቅጂ ሲታተም አንዷ ስህተት 1,000 ጊዜ ትታተማለች። በጀርባው ባዶ የሆነ የተበላሸ ወረቀትም ለዚህ ይበቃል። እኔ ቤት ሲሳሳት የቀረ ፎቶ ኮፒ አይጣልም፣ ለእርማት ይቀመጣል። ለጸሐፊው ችግር የሚሆነው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ አይደለም። የሚያነብለት ሰው ማጣቱ ነው። ወዳጅ «ቆንጆ ነው» ይላል። የሚያስፈልገው እርሳስ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት አስተዳዳሪዎች፣ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አንድ ረጅም ጠረጴዛ ስጡን። መስኮት አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፣ መብራት ቢጠፋም ይነበባል። አንድ ፕሪንተር በዚያ ሰዓት ብቻ ይፈቀድልን። ለመታተም የተዘጋጀ ረቂቅ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ። ማንበብ የሚወዱ ጡረተኛ መምህራን፣ የባቡር ሰዎች፣ ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች ይምጡ። የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛና የሐረሪ ጸሐፊ ከመጣም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፣ ድሬ ላይ ይህ አይቸግርም። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይናበቡ።

ጸሐፊዎች ረቂቃቸው እንዳይሰረቅ እንደሚፈሩ አውቃለሁ። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው። ሲጀመር ይቆጠሩ፣ ሲያልቅ ይቆጠሩ፣ ሁሉም ወደ ጸሐፊው ይመለሱ። ማንም ፎቶ አያንሳ። ጸሐፊው ካልፈቀደ አንድም ወረቀት ከክፍሉ አይወጣ። ፋይል ከመላክ ይህ ይሻላል። ቴሌግራም ላይ የተላከ ረቂቅ የት እንደሚያድር ማን ያውቃል?

ጸሐፊዎች ሆይ፣ እናንተን የምለምናችሁ አንድ ሌሊት ብቻ ነው። የምረቃ አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት፣ ማተሚያ ቤት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ረቂቃችሁን ወረቀት ላይ አውጡና አሳድሩት። ጠዋት ለሌላ ሰው ስጡት። ያ ሰው ስህተት ሲያገኝባችሁ አትቀየሙት። ከአንባቢዎቻችሁ ሁሉ በፊት ያነበበላችሁ እሱ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች የሚሆን ሁለት ደስጣ ወረቀትና አንድ ፓኮ ቀይ እርሳስ እኔ አመጣለሁ። ጠረጴዛውን አስተካክዬ የማጸዳውም እኔ ነኝ።

ጋሼ ሁለተኛ መጽሐፋቸውን ጽፈው ጨርሰዋል። ከሆነው ሁሉ በኋላ ደብተሩን ይዘው የመጡት ወደ እኔው ነው። በዚህ ሳምንት መተየብ ጀምሬአለሁ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው የመጀመሪያው ረቂቅ የእሳቸው እንዲሆን እፈልጋለሁ። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ከዚራ፣ ድሬዳዋ